ከእኔ በር እስከ አንቺ በር የሚሠራው መንገድ

ውድ ግሌንዳ፣

ኦሪገን ልጅሽን አርሰሽ ሳትመለሺ ወሬውን ከሌላ ሰው እንዳትሰሚ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። የሰፈራችንን ሰው ታውቂዋለሽ፣ አፉ አያርፍም። ስለዚህ ከእኔው ስሚው፦ ያን ስትለፊበት የኖርሽውን የእግረኛ መንገድ ላስቀረው ነበር።

እስቲ አስቢው። የአልደር መንገድን ሰው በየቤቱ እየዞርሽ፣ በቼሪ ኬክ እያባበልሽ፣ በገዛ ራሱ ላይ ግብር እንዲጥል አሳመንሽው። «መንገዳችን ለብቻው የልማት ቀጠና ይሁን፤ ከተማው ይሥራልን፣ እኛ መንገዱ ላይ ደጅ ያለን ሰዎች በየዓመቱ እየከፈልን እንጨርሳለን» ስትዪ ያ ገብጋባ ሃርላን እንኳ ፈረመ። እኔን እንዲህ የሰማኝ ሰው የለም። ከልጅነታችን ጀምሮ አንቺ ስትገቢ ቤቱ ይደምቃል፤ እኔ ስገባ «በሩን ዝጊው» እባላለሁ።

ያንገበገበኝ ግን ይሄ አይደለም፣ የአባባ ነገር ነው። የማጥበው እኔ፣ መድኃኒቱን የምሰጠው እኔ፣ በክረምት በረዶውን ከደጁ የምጠርግለት እኔ። እሱ ግን ገና ዓይኑን ሲገልጥ «ግሌንዳ ተነስታ ይሆን?» ይላል። ቤቱን ለእኔ ሰጠኝ፣ ልቡን ላንቺ። መንገዱ ከተሠራ ደግሞ መራመጃ ብረቱን እየገፋ በየቀኑ አንቺ ዘንድ ሊውል ነው። ታዲያ ለእኔ ምን ሊተርፈኝ? ቀናሁብሽ፣ ምን ይደረግ።

የቀጠናውን ደንብ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ድምፁ በሰው ቁጥር ሳይሆን መንገዱን በሚነካው መሬት ርዝመት ነው የሚመዘነው፤ የእኛ ቤት ደግሞ ማዕዘን ላይ ስለሆነ ከማንም ይረዝማል። የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፌ ለከተማው ጸሐፊ ሰጠሁ። የእኔ አንድ ደብዳቤ ብቻውን ሚዛኑን ወደ ተቃውሞው ደፋው። ምክንያቴን «ግብሩ ይከብደኛል» አልኩ። «እህቴ ላይ ቀንቼ ነው» ተብሎ አይጻፍ መቼስ።

ቀጠናው የሚወሰንበት ስብሰባ ዕለት ከሰዓት፣ ከምድር ቤት ልብስ አጥቤ ስወጣ አባባ የለም። ወደ ደጅ ሮጥኩ። ከመንገዱ ጎን ባለው ቦይ ዳር መርገጫ ስለሌለ አስፋልቱ መሃል ገብቶ ብረቱን እየገፋ ወደ አንቺ ቤት ይሄዳል። አንድ የጭነት መኪና ከኋላው ቆሞ ጡሩምባውን ያንባርቃል፤ እሱ የጆሮ መስሚያ መሣሪያውን አላደረገም፣ ምኑን ይስማ። እንደምንም ደርሼ ክንዱን ያዝኩና ወደ ዳር ሳብኩት።

«አባባ፣ ወዴት ነው? ግሌንዳ እኮ ኦሪገን ናት» አልኩት ጆሮው ሥር።

«አውቃለሁ። አበባዎቿን ውሃ ላጠጣላት ነው።»

«ታዲያ እኔን አትልከኝም?»

«አንቺ ደግሞ! ቀኑን ሙሉ በእኔ ምክንያት ስትባዝኚ ትውያለሽ። ትንሽ ዞር ብልልሽ ታርፊ ይሆናል ብዬ ነው።»

ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። ግማሹ ለእኔ ማሰብ ነው፣ ግማሹ ያንቺ ናፍቆት። ግን መንገድ ተሠራም አልተሠራም አንቺ ዘንድ ከመሄድ እንደማይቀር ገባኝ። እኔ ልከለክለው የምችለው በሰላም መድረሱን ብቻ ነበር።

ማታ ስብሰባው ሊዘጋ ሲል ሰብሳቢው «ሐሳቡን የሚለውጥ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ተነሳሁና «ደብዳቤዬን መልሱልኝ» አልኩ።

«ምነው ዋኔታ፣ ግብሩ በአንድ ጊዜ ቀለለሽ?» አለኝ ሃርላን።

«አንተ የራስህን ክፈል፣ የእኔ አያሳስብህ።»

ሰው ሳቀ፤ ቀጠናውም ጸደቀ። መሬቱ ከበረዶ እንደተላቀቀ ቁፋሮ ይጀመራል። ያጨበጨቡት ግን ያንቺን ስም እየጠሩ ነው። እዚያ የቆምኩት እኔ፣ የተመሰገንሽው አንቺ። እና ልቧ ተለወጠ ብለሽ እንዳታስቢ፤ ዛሬም እቀናብሻለሁ፣ ነገም የምተው አይመስለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ። አባባ አንቺ ዘንድ ውሎ ሲመሽ «ደክሞሃል፣ በመኪና ላድርስህ» እንዳትዪው። እኔ ደጅ ወጥቼ እጠብቀዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ጀርባውን እንጂ ፊቱን አላየሁም፤ አንቺን ትቶ በገዛ እግሩ ወደ እኔ ሲመጣ ማየት እፈልጋለሁ።

እህትሽ
ዋኔታ