የጀዊሪያ ረድፍ

ውድ ልጄ ኑሕ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የምትጽፈው እህትህ ሩፋይዳ ናት፤ የምናገረው እኔ ነኝ። ቃሌን እንዳታለሰልሰው አስምያታለሁ። ፊደል ባልቆጥርም ያልኩትንና ያላልኩትን ለይቼ አውቃለሁ፤ ስትጨርስ መልሳ ታነብልኛለች።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ አሽረፍ ነው። ከጓደኞችህ ያለህበትን የሚያውቅ እሱ ብቻ ቀርቷል። ሰፈሩን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ኮምፒውተር አልነካም ብለህ ሲሚንቶ እንደምታወርድ ግን ነግሮኛል። "የሰጡትን ወረቀት ሳያነብ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል፣ አባባ" አለኝ። ይክተተው። ኪስህም ቢሆን ይግባ።

እናትህ ጀዊሪያ እንዴት እንደሞተች ሙሉውን አታውቅም። መኪናው ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሰው በደግነቱ የሚደብቅህን እኔ አልደብቅህም።

ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ አረፋን አገር ቤት ወርዳ አታውቅም ነበር። ዘመድ ሁሉ ወራቤ ሲሰበሰብ እሷ እዚህ ጳውሎስ አካባቢ ማሽን ላይ ተኝታ ደሟ ይታጠባል። ያን ሰሞን "እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ ቀኔን ገፋ አድርግልኝ" ብላ ለመነችህ። የእጥበት ማዕከሉን የቀጠሮ ፕሮግራም የጻፍከው አንተ ነህ። "ልሞክረው እማ፣ ካልሆነ ግን አይሆንም" አልካት። ሞከርከው፣ አልሆነም። ማታ ልትነግራት አስበህ ሳለ ለሥራ ብለው በዚያው ቀን ጅማ ላኩህ።

ለእጥበት ስንሄድ ቀጠሮ የምትይዘው ልጅ፣ ሔለን፣ ኮምፒውተሯን አየችና ፈገግ አለች። እናትህ እስከ አረፋ ማግስት ቀጠሮ እንደሌላት፣ ማሽኑም ለሌላ ሰው እንደተሰጠ ነገረችን። እኔን ደስ አላለኝም። እግሯ አብጦ እያየሽው እንዴት ይሆናል አልኳት። "አባባ፣ ይኼን የሠራው እኮ የራሳችሁ ልጅ ነው" አለችኝ። አፌን የዘጋው ይኼ ነው። እናትህማ ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም። ታክሲው ውስጥ ለማታውቀው ሰው ሁሉ "ልጄ አረፋን ሰጠኝ" እያለች እስከ ሰፈራችን ቁስቋም ድረስ መጣች። ልደውልለት ስላት ተቆጣች። ሊያስደስተኝ በድብቅ ያደረገውን ልታበላሽበት ነው ወይ አለችኝ።

በወንድሟ መኪና ወረድን። ወራቤ ስንደርስ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር፤ እሷ ግን አዲሱን ሻርፗን ለብሳ በር ላይ ተቀምጣ እንግዳ ትቀበላለች። የአረፋ ዋዜማ ከሰዓት ደወልክ፣ እጥበቱ እንዴት ነበር ብለህ። ወራቤ ነን አልኩህ። "አባ፣ አሁኑኑ መልሷት" አልክ።

ለአረፋ የተሰናዳው ምግብ ገና ሳይቀመስ አንስተን መኪና አስገባናት። ለምን እንደምንመለስ አልገባትም፤ እኔም አልገባኝም ነበር። ራሷን ጉልበቴ ላይ አድርጋ "ኑሕ ሰጥቶኝ መልሶ ይነጥቀኛል?" አለችኝ። ቡታጅራ ሳንደርስ ሄደች። አላህ ይዘንላት። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ሩፋይዳ እዚህ ላይ ብዕሯን አስቀመጠች። ይኼ አይጻፍም አለችኝ። ጻፊ አልኳት። ጽፋለች።

ከቀብሯ በኋላ ልታስረዳኝ ሞከርክ። "ሰንጠረዥ ነው አባ፤ እያንዳንዱ በሽተኛ አንድ ረድፍ ነው፣ ረድፉ ውስጥ ቀኖቹ አሉ። የእማን ረድፍ አወጣሁና ሌላ ስም ሰጥቼው እሱ ላይ ቀኖቿን እየሰረዝኩ ሞከርኩ። የቀዳሁት መስሎኝ ነው። ያው ራሱ ረድፍ ነበር።" ምን እንደምትል አልገባኝም። ስትሞክር ሙከራው የኮፒው ነው፣ ዋናው ደህና ነው ብለህ ዘግተኸው እንደሄድክም አልገባኝም። አንተም ነገሩን ሳትጨርስ ተነስተህ ሄድክ። ያው እንደሄድክ ነህ።

ኋላ ሩፋይዳ ሱቅ ውስጥ አስረዳችኝ። የሳሙናው ረድፍ ላይ ሌላ ስም የተጻፈበት ወረቀት ለጠፈችና "ይኼ አዲሱ ረድፍ ነው እንበል" አለች። ከአዲሱ ላይ ሳሙናዎቹን አንስታ ወሰደች። "አሁን አሮጌውን እየው" አለችኝ። ባዶ ጣውላ። ሌላ ረድፍ የፈለገ ሌላ ጣውላ ላይ ሌላ ሳሙና አንድ በአንድ ይደረድራል እንጂ ስም በመለጠፍ አይሆንም አለች። "ኑሕ ይኼን አያውቅም ማለት ነው?" አልኳት። "ያውቃል፣ አባ። በየቀኑ የሚሠራው ነው። ያን ቀን ቸኩሎ ነበር" አለችኝ። ቸኩሎ። እሷን ለማስደሰት ቸኩሎ። ባዶውን ጣውላ እያየሁ ሳለ ደንበኛ መጥቶ ሳሙና ሲጠይቅ የለም አልኩት።

አጎትህ የአላህ ውሳኔ ነው ይላል። እኔም ውሳኔው የአላህ ነው እላለሁ፤ እጁ ግን ያንተ ነው። ጥፋትህ አይደለም የሚል ደብዳቤ ከሆነ የጠበቅከው፣ ይኼ አይደለም።

ግን ሌላ የምልህ አለኝ። እኔ ገበያ ላይ ሸፊ ነኝ። ሰፈር ውስጥ አንተ ከተወለድክ ጀምሮ የኑሕ አባት ነኝ። ስሙ ሁለት ነው፣ ሰውየው አንድ ነው። ሸፊን በዱላ ቢመቱት የኑሕ አባት ጀርባ አይድንም። አንተ ዛሬም ያንኑ ስህተት ነው የምትሠራው። ራስህን ከዚህ ቤት አውጥተህ፣ ስልክህን ቀይረህ፣ እዚያ ብቻህን የምትቀጣ መስሎሃል። እዚያ የሰረዝከው እዚህ ተሰርዟል። ሱቁን እስከ እኩለ ቀን፣ እስከ ዙህር ሶላት፣ አልከፍትም። የሩፋይዳ የጋብቻ ኒካህ "ወንድሜ ሳይኖር አይሆንም" ብላው ቆሟል፤ ይኼንንም አልጽፍም ብላኝ ነበር። የእናትህ ሻርፕ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ የሚያወርደው ሰው የለም።

ና ብዬ አልለምንህም። ለምኜ አላውቅም። እንደማትመጣም አውቃለሁ፤ ግትርነቱን የወሰድከው ከእኔ ነው። ብትመጣም እናትህ አትነሳም፣ እኔም በአንድ ጊዜ ፊቴ አይፈታልህም። ብትመጣ የማደርገው ይኼን ነው፦ ምሳ አቀርብልሃለሁ፣ ትበላለህ፣ አንነጋገርም። ከዚህ የተሻለ ነገር የለኝም።

ሩፋይዳ አሁን ከታች ማን ተብሎ ይጻፍ ትለኛለች። ሸፊ ይሻላል ወይ ስትለኝ ሱቁ በር ላይ ጎረቤት "የኑሕ አባት" ብሎ ተጣራ። አቤት አልኩ። አሁንም አቤት እላለሁ፣ ልጄ። ሌላ ስም የለኝም፤ እሱን ጻፊ ብያታለሁ።

የኑሕ አባት