የነስረዲን ቀልዶች መጨረሻ

ለተከበሩ አቶ እንደሻው፣
የብሩህ ተስፋ የሕዝብ አዳራሽ ኃላፊ፣
አሰላ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ አዳራሽዎ በር የጠነከረ እንዲሆን፣ ቤተሰብዎም በሰላም ውሎ እንዲያድር ከልብ እመኛለሁ። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ ስታንዳፕ ኮሜዲ ያቀርብ የነበረውና ከኦጎልቾ ሲመለስ በመኪና አደጋ ያለፈው የነስረዲን ታናሽ ወንድም ነኝ። የፊታችን ቅዳሜ ጓደኞቹ ቀልዶቹን በመድረክ እንዲያቀርቡለት አዳራሹን ብጠይቅዎ «ለጊዜው አይመችም» ብለውኛል። ለዚህ መልካም መልስዎ በይፋ ላመሰግንዎት ፈለግሁ።

፩ኛ. ወንድሜን በሕይወት ሳለ ስላከበሩት አመሰግናለሁ። በየበዓሉ «ሙስሊሙ ወጣት» ሆኖ መድረክ ላይ «ክርስቲያኑ ወጣት» ከሚሆነው ከፍሰሐ ጋር ለፎቶ እንዲተቃቀፍ የሚጠሩት እሱን ነበር። ሁለቱ ጠዋት በኳስ ተጣልተው ከሰዓት አብረው ምሳ የሚበሉ ጎረቤታሞች ስለነበሩ፣ አዲስ እንደተዋወቀ ሰው መተቃቀፉ ትንሽ ሳያስቸግራቸው አልቀረም። ነስረዲን ራሱን ሳይሸፍን ስለሚመጣም ሙስሊምነቱ ከሩቅ እንዲታይ መሥሪያ ቤትዎ ነጭ ቆብ ገዛለት። ቆቡ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ፎቶው እንዳለቀ ከራሱ ላይ ተነሥቶ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባ ነበር።

፪ኛ. «ሙስሊሞች ቅር ይሰኛሉ» ብለው ስለተጨነቁልን አመሰግናለሁ። የመስጊድ ሰው አስተያየት እንዳመጣ ባዘዙኝ መሠረት የሰፈራችን ሼህ ዘንድ ሄጄ ወንድሜ ስለ አንድ በግ የጻፈውን ቀልድ አነበብኩላቸው። «ሙስሊም ሁሉ ንግድ ያውቃል ትላላችሁ። እኔ ለፋሲካ ላተርፍበት ከሲሬ ገበያ በግ ገዛሁ። መንገድ ላይ ስም አወጣሁለትና መሸጥ አቃተኝ። ይኸው አሁን ከእኛ ጋር ረመዳን ይጾማል፤ ቀትር ላይ ያፈጥራል እንጂ።» ሼሁ እንባቸውን እየጠረጉ «አላህ ይዘንለት፤ ጆሮዬ ደክሟልና ከፊት ቦታ ያዝልኝ» አሉኝ። ቅር የሚሰኙት ከኋላ ከተቀመጡ ብቻ እንደሆነ በትሕትና አሳውቃለሁ።

፫ኛ. የቀልዶቹን ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ ስላስተካከሉልን አመሰግናለሁ። «ሃይማኖት ነክ» ያሉት ሁሉ ከወጣ በኋላ «እንደምን አመሻችሁ» እና «አመሰግናለሁ» ቀርተዋል። በምትኩ ስለ መቻቻል የፓናል ውይይት እንድናዘጋጅ መምከርዎም አልተረሳም። ወንድሜ እንዲህ ያሉ ውይይቶችን በጣም ይወድ ነበር፤ አብዛኛውን ቀልድ ያገኘው እዚያ ተቀምጦ ነው።

የቀረው ቁጥር የማያስፈልገው የእናቴ ነገር ነው። እናቴ ወይዘሮ ፋጡ ልጇን መድረክ ላይ አይታው አታውቅም። በለቅሶው ጊዜ የመጣው ሰው ሁሉ፣ ከጢቾም ከአሰላም፣ «ነስሩ እኮ አንድ ጊዜ ምን አለ መሰላችሁ…» ብሎ ይጀምርና ያለበት ቦታ ትዝ ሲለው አንገቱን ይደፋል። በዚህ ምክንያት እናቴ የልጇን ቀልዶች ሁሉ መጀመሪያቸውን ሰምታ መጨረሻቸውን አጥታለች። «ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ስሜን ጠየቁኝ፤ ነስረዲን ስላቸው ቦርሳቸውን ወደ ሌላኛው ጎናቸው አዞሩት» የሚለውን እስከዚህ ድረስ ታውቀዋለች። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ልንገርሽ ብላት «አንተ አታውቅበትም፤ ሰው እየሳቀ ልስማው» አለችኝ። እሷም ይህን ደብዳቤ ስለምታነብ መጨረሻውን እዚህ አልጽፈውም። አዳራሽዎን የፈለግሁት ለዚሁ ነበር።

እንግዲህ ሐሳብ አይግባዎት፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ በግቢያችን እናደርገዋለን። ፍሰሐ የሚኒባሱን ቀልድ ያቀርባል። እርስዎም ተጋብዘዋል፤ መቀመጫ ስለሚያጥረን ግን ወንበርዎን ይዘው ይምጡ፤ በጣም እንደሚወዱት አውቃለሁ።

አዳራሽዎ ከሳቅ ተጠብቆ በጸጥታ እንዲኖር ዘወትር የምመኝ፣
ታዛዥዎ ቦንሳ ሀሰኖ

ማስታወሻ፦ ጽሑፉን ያስረከብኩ ዕለት በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ የሚኒባሱን ቀልድ ለጸሐፊዎ ጮክ ብለው ሲያነቡላትና ሁለታችሁም ስትንከተከቱ ሰምቻለሁ። እናቱ ገና ያልሰማችውን እርስዎ እስከ መጨረሻው ሰምተዋልና እንኳን ደስ አለዎት።