በጾም ለማያገቡ ሙሽሮች ኪራይ ስለመክፈል

ይድረስ ለተከበሩ የቤት ኪራይ ድጎማ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ገቢዬን በአሥራ ሁለት ለሚያባዙልኝ ሠራተኞችዎ ሁሉ ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ ሪችፊልድ ከተማ የምኖር፣ የሀበሻ ቀሚስ እየሰፋሁ የምተዳደር፣ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ለብቻዎ የላክኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው፤ ጎረቤት ሲሰማ ይነበቡ ይሆናል።

አንደኛ፣ ስላበለጸጉኝ አመሰግናለሁ። ከጥምቀት በኋላ፣ ጾሙ ሳይገባ እንድረስ ብለው ሦስት ሙሽሮች ተከታትለው ሲያገቡ የእነሱንም የሚዜዎቻቸውንም ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነበርሁ። ልብሱን ሲወስዱ የከፈሉኝን፣ መመሪያችሁ እንደሚያዘው፣ ምንም ሳልደብቅ አሳወቅሁ። መሥሪያ ቤትዎም ያንን አንድ ወር በአሥራ ሁለት አባዝቶ የዓመት ገቢዬ አደረገው፤ ከማርች ጀምሮም እናንተ ከምትደጉሙኝ ኪራይ በራሴ የምከፍለው ድርሻ እጥፍ ሆነ። ይህን ያህል ሀብታም መሆኔን እስከዚያ ድረስ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ፣ የእኛ ሰው በዐቢይ ጾም አይድርም። አሁን የምሰፋው ከፋሲካ በኋላ ላሉት ሠርጎች ነው፤ ቀሚሱ እስኪወሰድ ድረስ ደግሞ የሚከፍለኝ የለም። ገቢዬ መውረዱን ሳመለክት፣ የፋይሌ ኃላፊ የሆኑት ሰው በዚህ ወር ልብስ ካላሰፉ ደንበኞች ይህንኑ የሚገልጽ ደብዳቤ እንዳመጣ በትሕትና ጠየቁኝ። ያላገቡ ሙሽሮችን በየቤቱ እየዞርሁ ማስፈረም ስለከበደኝ የንስሐ አባቴን አስቸገርኋቸው፤ እሳቸውም ጽፈው ማኅተም ካደረጉ በኋላ፣ ጾሙን ለማሳጠር ከተፈለገ ግን ይህ ማኅተም አይበቃም፣ ጳጳስ ያስፈልጋል ብለው ሳቁብኝ። የእናንተ መልስ፣ የገቢዬ መውረድ ጊዜያዊ ስለሆነ አይቆጠርም የሚል ነው። ሲወጣ ዘላቂ፣ ሲወርድ ጊዜያዊ የሚሆን ገቢ ስለሰጣችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሦስተኛ፣ በስልክ ስለተሰጠኝ ምክርም አመሰግናለሁ፤ ደንበኞቼን በየወሩ እኩል እንዳከፋፍላቸው ተነግሮኛል። ዌስት ሴንት ፖል የምትኖረው ልጄ ሶሊያና ስታስተረጉምልኝ ሳቋ አመለጣት፤ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን አለቀሰች።

አራተኛ፣ አከራዬ የተጨመረብኝን ድርሻ እስከዚህ ወር መጨረሻ ካልከፈልሁ ቤቱን እንድለቅ ጽፈውልኛል። ከለቀቅሁ የስፌት ማሽኔን የማኖርበት፣ የተጀመሩትን ቀሚሶችም የምጨርስበት ቦታ የለኝም። ያን ጊዜ ገቢዬ በየወሩ አንድ ዓይነት ስለሚሆን ዜሮን በአሥራ ሁለት ለማባዛት አትቸገሩም።

ባለቤቴ ይልማ ታክሲ ሲነዳ ገበያው ቀዝቅዞ ነበር። ችግራችንን ለሰው አትናገር፣ ትንሽ ሰዓት ጨምረህ ንዳ ያልሁት እኔ ነኝ። ልቡ እንዳልቻለ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ችግርን በዝምታ መሸፈን አልችልም፤ ስለዚህ ይቅርታ ይደረግልኝ።

የምለምነው ቀላል ነው፤ ዓመቴን በዓመት ይመልከቱልኝ። ያለፈው ዓመት የታክስ ወረቀቴ ፋይሌ ውስጥ አለ፤ ሠርግ ያለበትም የሌለበትም ወር እዚያ ተደምሮ ይገኛል። እሱን አይተው ድርሻዬን ወሩ ሳያልቅ ያስተካክሉልኝ።

ገቢዬን ከእኔ አብልጦ ለሚያውቀው መሥሪያ ቤትዎ እጅ እየነሣሁ፣ አንድ ወር ዓመት በሚሆንበት በዚህ አገር ለእርስዎም ረጅም የሥራ ዘመን እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ ዘመናይ፣ ከሪችፊልድ

ማስታወሻ፦ ለማስረጃ የላክሁትን የቀሚስ ፎቶ ያዩ አንዲት የመሥሪያ ቤትዎ ባልደረባ በጁን ለምትዳር ልጃቸው እንድሰፋላቸው ጠይቀውኛል። ቤቱ ከተረፈልኝ በደስታ እሰፋለሁ። በእናንተ ስሌት ልጅቱ በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ስለምታገባ፣ እናትየውን ለአሥራ ሁለቱም አማቾቻቸው እንኳን ደስ ያለዎት ይበሉልኝ።