የዘሃራ ወንዴ ፓፓያ

መስከረም 20፣ ከሱብሂ በኋላ

ውሃው ገባ። ቦዩን ዘጋሁ። ጫማዬ ጭቃ፣ እጄ ጭቃ። አንቺም ትንሽ ትቆሽሺያለሽ ደብተርዬ፤ ቻይው።

ዛሬም አበባው ረግፏል። ከየፓፓያው ሥር ቢጫ ቢጫውን ለቀምኩ። ትላንት ግንዱ ላይ ነበር። ዛፉን ብታዪው ቁመናው ያማረ፣ ቅጠሉ ጃንጥላ። ፍሬ ግን የለም። በቦዩ በኩል ጫፍ ላይ ያሉት ሦስቱ ብቻ ይዘዋል። ውሃ ስለሚጠግቡ ነው እላለሁ። የቀሩትን ባጠጣ ባጠጣ ወይ ፍንክች!

እህቴ ከድጃ ከጅዳ ደወለች። የምትሠሪበት ቤት ተገኝቷል፣ ደጋግ ሰዎች ናቸው፣ ጥቅምት ሳያልቅ ቁርጡን ንገሪኝ አለች። ክፋት የላትም፤ አዝናልኝ ነው። ፓስፖርቴም ከሚሴ ደላላው ጋ ነው። ከአረብ አገር ያመጣሁትን ሁሉ እዚህ መሬት ላይ አፍስሻለሁ። ፓፓያው ካላፈራ ሌላ መላ የለኝም፤ እሄዳለሁ።

ፎዚያን ጥያት ስሄድ ጡት ከተወች ገና ነበር። አሁን አራተኛ ክፍል ናት። እናቴን "እማ" ትላለች፣ እኔን "ሰዓዳ"። ደግሜ ብሄድ ምን ብላ ትጠራኝ ይሆን?

ቢሆንም አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ጠዋት የረገጥኩት የራሴን ጭቃ ነው፤ የሰው ደረጃ አይደለም ያጠብኩት።

መስከረም 22፣ ቀትር

ሂሩት መጣች፣ የቀበሌያችን የግብርና ልማት ሠራተኛ። ማሳውን ዞር ዞር ብላ አየች። አበባ ቀጠፈች፣ በጥፍሯ ሰነጠቀች። ወንዶቹ የት አሉ? አለችኝ። የምን ወንዶች? ከዚህ ቤት ወንድ ከወጣ ቆየ አልኳት።

ሳቋ አላቆም አለ። ለካ ወንዴ ፓፓያ ማለቷ ነው፤ ያ አበባው በረጅም ዘለላ የሚንጠለጠለው።

ቆረጥኳቸው አልኩ። ሳቁ ቆመ።

ምን ላድርግ? ሁሉም ሰው እኮ ይቆርጣል! እማ ናት መካን ነው፣ ውሃ ይጨርሳል ያለችኝ። ጎረቤቱም እንደዚያው። እኔም በዓይኔ አየሁት፤ አበባው የጉድ፣ ፍሬ የሚባል የለ። ቁርጥ የፎዚያን አባት! ብዬ በገጀራ። ወላሂ ደስም ብሎኝ ነበር።

ሂሩት እንዲህ አለችኝ፦ የወንዴው አበባ ዱቄት አለው። ዱቄቱን በራሪው ተሸክሞ ወደ ሴቴዋ አበባ ያደርሰዋል። ያኔ ፍሬ ትይዛለች። ካልደረሳት ትጠብቅ ትጠብቅና ትረግፋለች። ውሃ ብታጠጫት፣ ፍግ ብታለብሻት ለውጥ የለውም።

የጫፎቹ ሦስቱስ? አልኳት። ውሃው አይደለም አለች። በዚያ በኩል ወንዴውን ያልቆረጠ ሰው አለ።

በዚያ በኩል፣ ከቦዩ ማዶ፣ ያሉት አያ ሰይድ ናቸው። ያ ረቢ! ከሰው ሁሉ!

መስከረም 24

አያ ሰይድንና እኔን ውሃ ነው ያጣላን። ካቻምና። ተራው የኔ ነው አልኩ፣ የለም የኔ ነው አሉ። አካፋ እስከ ማንሳት ደርሰን ሰው ገላገለን። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ እሳቸው ወደ ቦርከና ወንዝ ያያሉ፣ እኔ ወደ አስፋልቱ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

ስለዚህ ሌላ ዘንድ ልፈልግ ብዬ በባጃጅ ከሚሴ ወጣሁ። ገበያ ላይ ፓፓያ ሻጮቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ወንዴ ፓፓያ ያለው ሰው ታውቃላችሁ? ሳቁብኝ። አንዷማ፣ እህቴ ሰው የሚያፈራውን አጥቷል፣ አንቺ የማያፈራውን ትፈልጊያለሽ? አለች። ሁሉም ቆርጧል። አብዛኞቹ ጓሮ ውስጥ ሴቴውም ወንዴውም በአንድ አበባ ያለባት ፓፓያ ኖራ ነው እንጂ ጉዳቸው ይወጣ ነበር። የኔዎቹ ግን ሴቶች ብቻ ናቸው።

ክፉ ቀን። አፈርኩም፣ ተናደድኩም። ፎዚያ ደግሞ ዛሬ ለምን አትዘፍኝም አለችኝ። እዘፍናለሁ እንዴ? አላውቅም ነበር። ልጄ ታዳምጠኛለች ማለት ነው።

መስከረም 26፣ ከአስር ሶላት በኋላ

ሄድኩ። ዱአ የሚፈልግ ሰው ትልቅ ሰው ዘንድ ባዶ እጁን አይሄድም፤ አንድ እስር ጫት ይዤ፣ ሻሼን አስተካክዬ ሄድኩ።

በር ላይ ተቀምጠዋል። አሰላሙ አለይኩም አልኩ። አይተው አይተው መለሱልኝ። ጫቱን ከፊታቸው አስቀመጥኩና እንደ ልጅ ቆምኩ። የውሃውን ነገር አላነሳሁም፣ እሳቸውም አላነሱም። የፓፓያውን ነገርኳቸው፤ መቁረጤንም፣ ጥቅምት ሲያልቅ ልሄድ እንደምችልም።

ያስለምኑኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ደጃቸው ላይ የቆመችውን ወንዴ ፓፓያ ማየት ጀመሩ። የባለቤታቸው የዘሃራ ናት፤ አላህ ይማራትና ዘሃራ ነች በእጇ የተከለቻት። ወንዴ መሆኗ ሲታወቅ ሊቆርጡ ተነስተው ነበር። ዘሃራ ከለከለች። መግሪብ ላይ ሽታዋ ደስ ይለኛል፣ የኔ ሽቶ ይህች ናት አለች። እሷ ካለፈች በኋላ ሰው ሁሉ "የሰይድ መካን" እያለ ቢያሾፍም እሳቸው አልነኳትም።

ለካ ለሰው ትጠቅም ኖሯል? አሉኝ። ሁለቴ ጠየቁኝ። ዓይናቸው ውሃ ሞላ። የኔም።

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉና ዱአ አደረጉ። በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ጨረሱት። አበባውን ግን ሌላ ሰው አይቀጥፈውም፣ ከሱብሂ በኋላ እኔው እቀጥፍልሻለሁ አሉ። ገለቶማ፣ ገለቶማ ብዬ እያመሰገንኩ ወደ ኋላዬ ሄድኩ፤ አጥር ልመታ ነበር።

ጥቅምት 1፣ ማለዳ

ሥራው እንዲህ ነው። አያ ሰይድ ዛሬ የፈነዳውን አበባ በሰሃን ይሰጡኛል። እሮጣለሁ። የአበባውን ቅጠል እገነጥልና ውስጡ ያለውን ቢጫ ዱቄት የሴቴዋ አበባ አናት ላይ ቀስ አድርጌ አሻለሁ። ቢስሚላህ። ወደሚቀጥለው። ሴቴዋ ከግንዱ ተጣብቃ ትቀመጣለች፣ ወፈር ያለች፣ የተከበረች። ወንዴው ቀጭን ነው። አስተግፊሩላህ፣ ስንቱን ሰድቤዋለሁ!

እማ መጥታ አየችኝ። አንቺ ልጅ፣ ዛፍ ትድሪ ጀመር? አለች። ሳቅን፣ ሳቅን። ለመቁረጡ ምክሯ ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ግን ቁርሴን ማሳው ድረስ አመጣችልኝ። ከእማ ይህ ይበቃል።

ጥቅምት 6

የፎዚያ ት/ቤት የደረሰበት ምዕራፍ ይኸው የተክሎች መራባት አይደል! መጽሐፉ በኦሮምኛ ነው። እኔ ቋንቋውን እናገራለሁ እንጂ በቁቤ ፊደል ማንበብ አልችልም። እሷ ታነባለች፣ እኔ ማሳ ላይ አሳያታለሁ። አባቦ ትላለች፣ አበባ እላለሁ።

ሁሉም በአበባ አይራባም ይላል መጽሐፉ። ወስጄ ሙዙን አሳየኋት፤ ከእናቱ ሥር ልጅ ይበቅላል፣ ነቅለሽ ሌላ ቦታ ትተክያለሽ፣ በቃ። ሸንኮራውም ቁራጩን ብትቀብሪው ይበቅላል። ሙዝ ባል አያስፈልገውማ አለች! ከማን እንደሰማች አላውቅም። እኔ አይደለሁም። እኔ ነኝ።

ከዚያ ምንጩ ዳር ሄድን። እዚያ ጥላ ውስጥ የሚበቅለው፣ ቅጠሉ ላባ የሚመስለው፣ አበባ አውጥቶ አያውቅም። ቅጠሉን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ፣ በተርታ። መዳፏ ላይ ስታራግፈው ብናኝ ሆነ። ዘሩ ይኼ ነው፣ እርጥብ ቦታ ካረፈ ይበቅላል አለችኝ። ስንት ዓመት ውሃ ስቀዳ ያየሁት ቅጠል! አንድ ቀን ገልብጬው አላውቅም። ሱብሃነላህ።

ስንመለስ እጄን ያዘችኝ። መንገዱ ስለሚያንሸራትት ነው። ምንም ይሁን ያዘችኝ።

ጥቅምት 14፣ ማለዳ

ያዘ!!

አበባው ደርቆ ወደቀ፣ ሥሩ ግን ቀረ። አረንጓዴ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል። የነካኋቸው ሁሉ ማለት ይቻላል። ሳልነካ የተውኩት ረግፏል። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ፎዚያ ምን ሆንሽ ብላ ደነገጠች።

ወደ አያ ሰይድ ሮጥኩ። በሹክሹክታ ነገርኳቸው፤ ጮክ ብል የሚረግፍ ይመስል።

ሂሩት ሰኞ ለሥራ ባቲ ነበረች፣ ዛሬ ስትመለስ አይታ እልል አለች። ክርስቲያን፣ እስላም፣ ፓፓያ፣ ሁላችንም እልል። ለከድጃ ግን ገና አልነገርኳትም። ሲበስል እስከ መጋቢት ይሄዳል። ፈራሁ።

ጥቅምት 21

ትላንት ከቀትር በኋላ ነፋስ መጣ። ያለ ጊዜው። ማሽላው ተኛ። የኔዎቹ ፓፓያዎች ተርፈዋል።

የዘሃራ ዛፍ ግን ከወገቧ ተሰበረች።

አያ ሰይድ አጠገቧ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አበባዋ ገና ይሸታል። ምን ልበል? የሞተ ሰው ቤት የሚባለውን አልኩ፤ አላህ ያጽናዎት። ከዛፍ ጋር አብሬ አበድኩ እንዳትይኝ አሉ። ማን እንዲህ ይላል? ወንዴ ዘር የለው፣ ፍሬ የለው፣ ዘሃራ አሁን ሄደች አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ጥቅምት 23

ሂሩትን ጠየቅኳት። ዱቄቱ የዚያች ዛፍ ከሆነ፣ ፍሬው ውስጥ ያለው ዘርስ የማን ነው? የሁለቱም ነዋ አለች፣ የናቱም የአባቱም። ብትዘሪው ከሚበቅለው ግማሽ ያህሉ ወንዴ ይሆናል።

ሂሩት ሳትጨርስ እየሮጥኩ ነበር።

አያ ሰይድን እጃቸውን ይዤ ማሳዬ አስገባኋቸው። ካቻምና ከተጣላን ወዲህ ቦዩን ሲሻገሩ የመጀመሪያቸው ነው። ፍሬዋን አሳየኋቸው፤ አሁን ሎሚ አክላለች። አያ፣ ዘሃራ የተከለቻት እዚህ ውስጥ ናት አልኳቸው። ሲበስል ዘሩን ደጅዎ ላይ እተክለዋለሁ። መዳፋቸውን ፍሬዋ ላይ አሳርፈው ቆዩ።

ጥቅምት 29፣ ከመግሪብ በፊት

ፎዚያ ጠየቀችኝ። ዘሩ ሲበቅል የትኛው ወንዴ እንደሆነ በምን እናውቃለን? አይታወቅም፣ እስኪያብብ መጠበቅ ነው አልኳት። በጣቷ ማስላት ጀመረች፤ እስኪበስል፣ እስኪበቅል፣ እስኪያብብ። ኧረ ብዙ ነው! ማን ነው የሚጠብቀው? አለች። አላየችኝም፣ ጣቷን ነው የምታየው።

እኔ አልኳት።

እሺ ሰዓዳ አለች። ተነስታ ሄደች፤ ልትዘል ምንም አልቀራት።

ለከድጃ ደወልኩ፤ አልመጣም አልኳት። እኔም አለቀስኩ፣ እሷም። ከዚያ፣ ፓፓያው ሲበስል ፎቶ ላኪልኝ አለች። እህቴ! ስወድሽ!

ነገ ጠዋት ከሚሴ እወጣለሁ፣ ፓስፖርቴን ከደላላው እቀበላለሁ። ቀድሜ ግን ከሱብሂ በኋላ ቦዩን ለአያ ሰይድ እከፍታለሁ። ተራው የሳቸው ነው።