የስሜነህ የገና መጠጥ

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 24

አልሄድም አለ። ጫማውን እያወለቀ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ዘንድሮ ለገና ቡሬ አልሄድም። አንች ሂጅ።»

ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። ባሌ ስሜነህ ከመስቀል ወዲህ አልጠጣም። ደም አስመልሶት ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ ነው የነገረን። ጉበቱ ተጎድቷል፤ ከእንግዲህ ጠላም ሆነ አረቄ፣ አንድ ጉንጭም ቢሆን የለም። ስሜነህ ሰምቶ አቆመ። እንዴት እንዳቆመ የማውቀው እኔ ነኝ። ላቡን አይቻለሁ። የእጁን መንቀጥቀጥ አይቻለሁ። ከሚሠራበት ጋራዥ ሲወጣ ጓደኞቹን ላለማግኘት በጓሮ መንገድ ዞሮ ነው የሚመጣው።

የእሱ ቤተሰብ ግን አያውቅም። ለአባቱ «ጨጓራውን ትንሽ አሞት ነበር» ነው ያልናቸው። እንዲህ በይ ያለኝ እሱ ነው። አፍሮ።

ገና ደግሞ ቡሬ፣ አባቱ ቤት፣ እንዲህ ነው፦ አባባ የምላቸው አማቴ ጠላውን በእጃቸው ቀድተው ለልጆቻቸው በተራ ይሰጣሉ። ከእጃቸው አልቀበልም ያለ ልጅ የለም።

ራት ከበላን በኋላ «ሌላው ሲጠጣ ባዶ እጄን ተቀምጬ ላያቸው ነው?» አለኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25

ስነቃ ያሰብኩት ነገር፦ ታዲያ ባዶ እጁን ለምን ይቀመጣል? ሌላ የሚይዘው ነገር ልሥራለት።

ለስላሳ አይሆንም። ለስላሳ «ይዘህ ዝም በል» ይመስላል። ትኩስ የሆነ፣ ሽታው ቤት የሚሞላ፣ ተደክሞበት የተሠራ መሆኑ የሚታወቅ መጠጥ ነው የምፈልገው። አንድ ጊዜ በስልክ ያየሁት አለ። በብርድ አገር ለገናቸው አፕል በቅመም አፍልተው በትልቅ ድስት ያቀርባሉ፤ እንግዳው ሁሉ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ ይጠጣል። ያ እቅፍ ነው ልቤ ውስጥ የቀረው።

አፕል ከየት? ከፈረስ ቤት፣ ከደጋው ከተማ። የአክስቴ ልጅ የሻለም ጓሮዋ ውስጥ ተክላለች። ደወልኩላት። «ጭድ ውስጥ ያቆየሁት አለ፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ነገ በደምበጫ በኩል እልክልሻለሁ» አለችኝ። መንገዱ ክፍት ከሆነ። አሁን አሁን ይህን ሳንል የምንውልበት ቀን የለም።

ከገበያ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብልና ብርቱካን ገዛሁ። ማር ቤት አለ። የሰው የበዓል ቀሚስ ሳይሰፋ ስፌት ማሽኔ ላይ ተከምሯል፤ ባለቤቶቹ ቢያዩኝ ይቆጣሉ።

ለስሜነህ አልነገርኩትም።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 26

መንገዱ ክፍት ሆነ። አፕሉ በማዳበሪያ ከረጢት መጣ። ትንንሽ ነው፤ ግማሽ ጎኑ ቀይ፣ አንዳንዱ በረዶ የመታው ጠባሳ አለበት። አንዱን ነከስኩት። ይኮመጥጣል፤ ጥሩ ነው።

ቆራርጬ፣ ውኃ አድርጌ፣ ቅመሙን ሁሉ ጨምሬ ከሰል ላይ ጣድኩት። ማር የጾም ስለሆነ ልቀምሰው እችላለሁ፤ እሱ እንኳ ጥሩ ሆነልኝ። ስሜነህ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ድስቱን አየ። «ምንድን ነው?» አለ። «ቅመስና ንገረኝ» አልኩት።

ቀመሰ። ከዚያ «አንጉ፣ ጥርሴን እኮ አላመመኝም» አለ።

እውነቱን ነው፤ የጥርስ መድኃኒት እስኪመስል ቅርንፉዱን አብዝቼው ኖሯል። ሳቅን። እሱ ከልቡ ሲስቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ከዚያ ለምን እንደሠራሁት ነገርኩት። ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ።

አስቀየምኩት? አላውቅም። ምናልባት እንደ በሽተኛ ያየሁት መስሎት ይሆናል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

ጧት ያፈላሁት መረረ። ጥፋቱ የብርቱካኑ ልጣጭ ነው፤ ነጩን ሳልፍቅ ከነምኑ ከትቼው። እሱንም ደፋሁት። አፕሉ እንዳያልቅ ፈራሁ።

ከሰዓት በኋላ ግን ሆነ። አፕሉ እስኪፈርስ ብቻውን አበሰልኩት። በንጹሕ ሻሽ ጨምቄ አጠለልኩት። ከዚያ ቀረፋና የተወቀጠ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድ በጣም ጥቂት፣ ከብርቱካኑ ቢጫውን ልጣጭ ብቻ። ማሩን ደግሞ ድስቱን ካወረድኩ በኋላ። ቀለሙ እንደ ጠጅ ወርቃማ ወጣ። ቀሚስ ልትወስድ የመጣች ደንበኛዬ በር ላይ ቆማ «ምን ይሸታል?» አለች። ሳትቀምስ አልሄደችም።

ስሜነህ ማታ ሲገባ ሳልጠራው ራሱ ወደ ድስቱ ሄደ። እጁ በመኪና ግራሶ ተለውሷል። በዚያው እጁ ብርጭቆውን አቅፎ ቆሞ ጠጣ። ደገመ።

«አባባ ጠላውን ቢሰጡኝስ?» አለ።

«አላውቅም» አልኩት።

«እኔም አላውቅም። በይ እንሂድ።»

ሂድ ብዬ መጎትጎቴ ልክ ነው ወይ? ቤት ቢቀር ይሻለው ይሆን? የጠላ ሽታ ካለበት ቤት ይዤው ልገባ ነው እኮ። ግን ከአባቱ ቤት ርቆ ገናን ብቻውን ሲውል ደግሞ አየዋለሁ፤ ያኛውም ያስፈራኛል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 28

ቡሬ ነን፤ ከከተማው ወጣ ብሎ አባባ ቤት። አፕሉን ጭኔ ላይ ይዤ መጣሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ጠየቀኝ።

የጠላው ጋን በሩ አጠገብ ቆሟል። ስሜነህ እናቱን እማማን ሳመና ጋኑን በዓይኑ ዘለለው። ወዲያው ከአባባ ጋር ከብቶቹን ሊያይ ወጣ። እስኪመለስ ልቤ አላረፈም።

ታላቅ ወንድሙ አያ ሙጬ መጡ። ጀምበር ሳትጠልቅ አረቄ አረቄ ይሸታሉ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ይወዳቸዋል። ስሜነህን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ምነው ከሳህ? ግድ የለም፣ ነገ እናወፍርሃለን» አሉ። ሰው ሳቀ። ስሜነህም ሳቀ፤ በጥርሱ ብቻ።

እማማ የያዝኩትን ከፍተው አዩ። «ለምን ነው ልጄ?»

«ለበዓል የሚፈላ መጠጥ ነው እማማ።»

«ጠላዬ ምን ጎደለው?» አሉ። በቀስታ ነው ያሉት፤ ግን እንደከፋቸው ገባኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። የእኔ ወሬ አይደለም ብዬ መልሼ ዘጋሁት። ሌሊት ቆመው የጠመቁትን ጠላ ንቄ የመጣሁ መሰልኩ። በጣም ከበደኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29፣ ገና

እንደሆነው ልጻፈው።

ከቅዳሴ መልስ ጾም ተፈታ፤ ዶሮው ተበላ። ጎረቤቱ ሁሉ አለ። የእኔ ድስት ጓዳ ውስጥ ትንሽ ከሰል ላይ ተጥዷል። ያሰብኩት አባባ ሳይነሡ ለስሜነህ ቀድቼ ላስይዘው ነበር። ዘገየሁ። ማንቆርቆሪያውን ይዤ ብቅ ስል አባባ ተነሥተው የመጀመሪያውን ጣሳ ለአያ ሙጬ ሰጥተዋል። ሁለተኛውን ሞልተው ወደ ስሜነህ ዘረጉ።

ስሜነህ ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበለ። ቆሞ ጣሳውን ያያል።

«ይጠጣል እንጂ ይታያል እንዴ?» አሉ አያ ሙጬ።

«አባባ» አለ ስሜነህ። ድምፁ ቀጠነብኝ። «ይህን ብጠጣ እሞታለሁ። ጨጓራ ያልንዎት ውሸት ነው። ጉበቴ ነው የታመመው፤ ከመጠጥ ነው። ደም አስመልሶኝ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ከመስቀል ወዲህ አልቀመስኩም።»

አባባ እጃቸውን ዘርግተው ጣሳውን መልሰው ተቀበሉትና መሬት አስቀመጡት። ይቆጣሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

«ልጄ ሆስፒታል ተኝቶ እኔ ሳልጠይቀው?» አሉ። «የሰው ልጅ ታመመ ሲሉኝ አገር ለአገር እዞራለሁ። ያንተን አልሰማም?»

«አፍሬ ነው አባባ።»

«ከማን? ከኔ?»

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። «አንጓች፣ ከጧት ጀምሮ ቤቱን ያወደው ያ የያዝሽው ነው?»

«አዎ አባባ። ለእሱ ብዬ ነው።»

«ለእሱ ቅጂለት። ለኔም ቅጂልኝ።»

ስቀዳ አፈሰስኩት። አባባ ሄደው መደቡ ላይ ከስሜነህ አጠገብ ተቀመጡ። አንድ ጊዜ ፉት አሉ። «ትኩስ ናት» አሉ። «እንዲህ ያለችውን ቀስ አድርገን ነው የምንይዛት።» ስለ መጠጡ ይሁን ስለ ልጃቸው እኔ አልለየሁም። ስሜነህ ግን አንገቱን ደፋ፤ እንባው ብርጭቆው ውስጥ ሲገባ አየሁ።

እማማ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠርገው መጡና አገጬን ያዙኝ። «ትላንት አትነግሪኝም ነበር?» አሉኝ። ከዚያ ለራሳቸው ቀዱ። ጎረቤቶቹም ቀመሱ፤ አንዳንዱ ወደደው፣ አንዳንዱ ወደ ጠላው ተመለሰ። ጨዋታው እንደገና ሞቀ። ስሜነህ ሲያወራ፣ ሲመልስ፣ ሲስቅ ሰማሁት።

ድስቱን ላጥብ ጓሮ ወጣሁ። አያ ሙጬ ተከትለውኝ መጡ። በሰው ፊት አዋረድሽን ሊሉኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ጣሳቸው በእጃቸው አልነበረም።

«ያስመለሰው ደም» አሉኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቀለሙ ምን ይመስል ነበር?»

«ጥቁር ነበር። እንደ ቡና አተላ። ለምን ጠየቁኝ አያ?»

«እንዲያው ነው» አሉ። ወደ ቤት ሳይገቡ በማሳው በኩል ሄዱ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 30

ገና ሲነጋ ለስሜነህ አያ ሙጬ የጠየቁኝን ነገርኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ወንድሙን በረት አጠገብ አገኛቸው። ከሩቅ ነው ያየኋቸው፤ መጀመሪያ ቆመው፣ ኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው። አያ ሙጬ እምቢ እንደሚል ሰው ብዙ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስሜነህ አልተነሣም።

ወደ ቤታችን ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ ሦስት ሆነን ነው። አያ ሙጬ ለሚስታቸው ዕቃ ልገዛ ነው ብለዋል። አባባ እስከ መንገዱ ሸኙን። ምንም አልጠየቁም፤ የሁለቱንም ትከሻ ይዘው ብዙ ቆዩ። የገባቸው ይመስለኛል።

አሁን ቤት ነን። አያ ሙጬ ምሳ አልበሉም። ማንኪያው ሲንቀጠቀጥባቸው አየሁና ዓይኔን መለስኩ። ያ እጅ አዲስ አይደለም ለእኔ። እሳቸውንም ጥቁር ደም አስመልሷቸው ኖሯል፤ ነገ ጧት ስሜነህ እሱን ወዳከመው ሐኪም ሊወስዳቸው ነው። እሽ ብለዋል። ነገ ሲነጋም እሽ ይላሉ ወይ፣ እግዜር ያውቃል። ዛሬን ውለው ማደራቸው ራሱ ያሳስበኛል፤ ስሜነህ ግን እኔ አጠገባቸው እተኛለሁ ብሏል።

ሁለቱ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ይሰማኛል።

«የመጀመሪያው ሳምንት ነው አያ፣ ከሁሉ የሚከፋው» ይላል ስሜነህ።

«ከዚያስ?»

ማሽኔን አቁሜ ጠበቅኩ።

«ከዚያ ያለውን እኔም ገና እየሄድኩበት ነው» አላቸው።