ጎማ ከጎማ፣ ቸርኬ ከቸርኬ

ረቡዕ፣ ኅዳር 2። ከቀኑ 11 ሰዓት

አራተኛዋ ጎማ አሁንም የለችም። ከመ/ቤት ከገባሁ ጀምሮ በጉልበቴ እየዳህኩ እፈልጋታለሁ። የሲጋራ ቆርቆሮው ውስጥ የለችም። የብስኩቱም ውስጥ። የሐላዋው ጣሳ ውስጥ ሦስት መሪ፣ አንድ ኮፈን፣ አንድ የደረቀ በረሮ። መኪናዋ በሦስት እግሯ ጠረጴዛው ላይ ቆማ ታየኛለች።

አንተ ታውቀኛለህ ማስታወሻዬ፤ ሌላው ሰው ይስቃል። ትልቅ ሰው፣ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ፣ በፕላስቲክ መኪና! ግን ከጅቡቲ ባቡር ጋር አንዲት የምትገጣጠም መኪና በካርቶን በመጣችልኝ ቁጥር ልቤ እንደ ሙሽራ ይመታል። ከተሰበረው፣ ከተረፈው፣ ፈረንጆቹ አገራቸው ሲገቡ ልጆቻቸው ጥለው ከሄዱት፣ ምንም አልጥልም። አንድ ቀን ይጠቅማል። አንድ ቀን የሚጠቅመው ሁሉ ይኸው ክፍሉን ሞላ፤ የምፈልገው ግን አይገኝም።

አስካለ በሩ ላይ ቆመች። ባለቤቴን ስትቆጣ ሳይሆን ስትረጋጋ ነው የምፈራት፤ ዛሬ በጣም ተረጋግታለች። ታላቅ ወንድሟ ጋሽ በቀለ ቅዳሜ ከሐረር ሆስፒታል ይወጣል። እኛ ዘንድ ይሆናል። ይህች ክፍል የሱ ናት።

መኪኖቼስ? አልኩ። ወዲያው አፈርኩ። ሰውየው የሚነዳው ከባድ መኪና ባትሪ ፊቱ ላይ ፈንድቶበት ሁለት ዓይኑን ያጣ ነው። እኔ ስለ ጎማ። ግን አፌ ቀደመኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 5

መጣ። ዱሮ እሱ የግቢውን በር ሳያልፍ ሳቁ ሳሎን ይደርስ ነበር። ዛሬ ጥቁር መነጽር፣ አንድ ሻንጣ፣ ዝምታ። ያመጣው ሹፌር ለብቻዬ ነገረኝ፤ መንገዱን ሁሉ ቃል አልተነፈሰም። ደንገጎ ቁልቁለቱ ላይ ብቻ፣ አንዴ፣ “ማርሽ ቀንስ” አለ።

አልጋውን ከመደርደሪያዬ ጎን አስገባነው። ቆርቆሮዎቼን ወደ ላይ ደራረብኳቸው፤ ጣሪያ ሊነኩ ምንም አልቀራቸው። ደግ አማች የሆንኩ መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

አለቀ! ከሥራ ገብቼ ክፍሉን ስረግጥ እግሬ ሥር ቀጭ አለ። ጋሽ በቀለ ውኃ ፈልጎ ሲነሳ መደርደሪያዋን ተደገፈ፤ መደርደሪያዋ አብራው መጣች። ቆርቆሮዎቹ በሙሉ። የስንት ዓመት ልቃሚ ወለሉ ላይ እንደ ደቻቱ ወንዝ ጠጠር ተበትኗል።

ጮህኩ። ያልኩትን አልጽፈውም። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እስክጨርስ ሰማኝ።

“ጥረገውና ጣለው ታዴ” አለ ቀስ ብሎ። “እኔንም አብረህ።”

ራት አልበላም። እኔም አልበላሁም። አስካለ ማናችንንም አልለመነችም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9። ከምሳ በኋላ

ቶሎ ልጻፍ፣ ወደ ቢሮ ልመለስ ነው። ለምሳ ስገባ ጋሽ በቀለ ወለሉ ላይ ነው። አንሶላ ተነጥፎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ዙሪያውን የአስካለ ሰፌዶች። አንዷን ብልት ያነሳል፣ በአውራ ጣቱ ያዞራታል፣ ሰፌዱን በእጁ ዳስሶ ይጥላታል። ጎማ ከጎማ። ቸርኬ ከቸርኬ። መብራት ከመብራት። ያውም በየመጠኑ!

ስለ ትናንቱ ይቅርታ አልኩት። ዝንብ እንደሚያባርር እጁን አወናጨፈ።

ከዚያ መጨቃጨቅ ጀመርኩ፤ እኔ ነኛ። እኔ እኮ የማስቀምጠው በየመኪናው ነው፤ የቀይዋ ትራፊ በአንድ ቆርቆሮ፣ የሰማያዊዋ በሌላ።

“መኪናዋ ከፈረሰች በኋላ ማን ስሟን ይጠይቃታል?” አለ። “ጋራዥ ገብተህ የእገሌን መኪና ጎማ ስጡኝ ትላለህ? የዚህን ያህል ጎማ ስጡኝ ነው የምትለው።”

እጄን ያዘና መዳፌ ላይ አንድ ነገር አስቀመጠ። አራተኛዋ ጎማ! ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ዳስሶ የጎማዋን ጥርስ ለይቶት ኖሯል። ይህን ያህል ደስታ ለአንዲት ጎማ? አዎ። ይህን ያህል።

እሑድ፣ ኅዳር 13

ዛሬ የአስካለ ቀን ነው። መደርደሪያው ተመልሶ እንዲቆም አልፈቀደችም፤ ደግሞ አንድ ሰው ላይ ሊወድቅ ነው አለች። ከመጋላ ገበያ አቡጀዴ ገዝታ መጣች፤ ስፌት መኪናዋ ላይ ቁጭ አለች፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እስከ ምሳ ድረስ ስታንቀጫቅጭ ቆየች። ግድግዳ የሚያክል መጋረጃ ሰፋች፣ ከላይ እስከ ታች ኪስ በኪስ። በምስማር ሰቀልነው።

ኪሶቹ ላይ ምን እንዳለ ልጻፍ ብዬ ቀለም አመጣሁ። ባልና ሚስት የሆንን ጊዜ እንኳ እንዲህ አላየችኝም። “ለማን ነው የምትጽፈው?” አለች። መርፌዋን አነሳችና በየኪሱ አፍ ላይ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ሰፋች። በጎማው ኪስ ላይ ጎማ። በመብራቱ ላይ መብራት። ጋሽ በቀለ በጣቱ ነክቶ ያውቀዋል፤ እኔ በዓይኔ። በጣም ደቃቃዎቹ ለብቻ፤ የክብሪት ቀፎ በክብሪት ቀፎ ላይ አጣብቀን መሳቢያ ሆኑ።

ላይኛው ረድፍ ላይ የማይሰበር። መሐል ላይ ዘወትር የሚፈለግ። ታች ከባዱ። ይህ የሱ ሕግ ነው። የተሰበረና የማይረባውን ራሱ ለይቶ ባልዲ ሞላ፤ ጣልኩት። እኔ! ጣልኩት! አልሞትኩም።

ክፍሉ ሰፋ። አልጋም አለ፣ ጠረጴዛም አለ፣ ሰውም አለ።

እሑድ፣ ኅዳር 20

ዛሬ ጠየቅኩት፤ ምን እንሥራ? ትሬንታ ኳትሮ አለ።

ትሬንታ ኳትሮ ጣሊያን ትቶት የሄደ ትልቅ የጭነት መኪና ነው፤ ጋሽ በቀለ ዕድሜውን የጨረሰበት። እሱን የመሰለ በካርቶን አይሸጥም፤ ጅቡቲም የለ የትም የለ። ከትራፊ ካልሠራነው አይሠራም።

ከትራፊ እንሠራዋለን!

ሻንሲው ከእሳት አደጋ መኪናው። ካቢናው ከሁለት ካቢና ተቆርጦ። እኔ እጠራለሁ፣ እሱ ከኪሱ ያወጣል፤ ድሮ አንዲት ብልት ፍለጋ ምሽቱ ያልቅ ነበር፣ ዛሬ ሙጫው ሳይደርቅ እጄ ላይ ናት። አፍንጫው ግን ሦስቴ አልሆነም። ይዳስሳል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ይኼ የፈረስ አፍንጫ ነው፣ የኔዋ የበሬ ነበር አለ። ሞረድኩ። ገና ነው። ሞረድኩ። ገና።

“እህ! እሷ ናት!” ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ! አስካለ ከጓዳ ሮጣ መጣች፣ እጇ ሊጥ እንደሆነ። በሩ ላይ ቆማ አለቀሰችና ምንም እንዳልሆነ ሰው ተመለሰች።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 2

አለቀ። ቀለሙ ደረቀ። የጭነት ካሶኒው ከተምር ሳጥን ጣውላ፣ ባሌስትራው ከሰዓት ሞላ። ስንዝር ከጋት የሚሆን ትሬንታ ኳትሮ።

እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ኮፈኑን ነካ፣ ፓራፋንጎውን፣ መሪዋን በጥፍሩ ጫፍ። ከዚያ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ ብርድ ልብሱን ተራራ አደረገው፤ መኪናዋን ቀስ እያደረገ አወጣት። በጉሮሮው ማርሽ ይቀይራል። ደንገጎን እየወጣ ነው። ጫፍ ሲደርስ ተነፈሰ።

ትቼው ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ፤ ጎረቤት አይቶኝ ከሆነ ይይ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 4

ዩሱፍ መጣ። ከጋሽ በቀለ ጋር አንድ ካቢና ውስጥ ዓመታት የከረመ የመጋላ ሰው፤ አሁን መንዳት ትቶ የከባድ መኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፍቷል። መኪናዋን ሲያይ ጮኸ። በሱማሊኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፤ አንዱ አልበቃውም። ከዚያ የግድግዳውን መጋረጃ አየ።

“ዋርያ በቀለ፣ የኋላ መብራት!” አለ እየሳቀ። መጣ። “ትንሿን ቸርኬ!” መጣች። “የግራ መስተዋት!” ከክብሪት ቀፎው ወጣ። ዩሱፍ መሳቁን አቆመ።

“አቦ፣ እኔ አንዲት ኩሽኔታ ስፈልግ ሰዓቱ ይሄዳል። ደንበኛው ጥሎኝ ይወጣል። ና፣ ሱቄን ያዝልኝ።”

የጋሽ በቀለ ፊት ተዘጋ። “ምጽዋት መስጠት ካማረህ መስጊዱ በር ላይ ብዙ ሰው አለልህ።”

“ወላሂ፣ ምጽዋት ለማኙ እኔ ነኝ!” አለ ዩሱፍ። ተቆጥቶ ሄደ። ጋሽ በቀለ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። መኪናዋን እንኳ አልነካትም። ያ ሳቅ እንዲህ በአንዴ ይጠፋል? ልቤ ተሰበረ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 8

ስማኝ! ስማኝ!

ጠዋት ለብሶ ጠበቀኝ። መጋላ ውሰደኝ አለ፤ ለሥራ አይደለም፣ ሱቁ ምን ያህል እንደተዝረከረከ ለመስማት ነው። ከቢሮ ፈቃድ ለመንኩ። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ የደቻቱን ደረቅ አሸዋ አቋረጥን። ገና በሩ ላይ የግራሶው ሽታ ሲመታው ቀና አለ፤ ቁመቱ ተመለሰ። ውስጡ ጉድ ነው። ብረት በብረት ላይ፣ የኔ ክፍል የዱሮ መልኳ፣ መቶ እጥፍ ሆና።

ዩሱፍ ገና ሰላም ሳይለን አንድ የጅጅጋ ሹፌር ገባ። የፊት እግር ኩሽኔታ፣ ለትሬንታ ኳትሮ፣ አሁን፣ ጭነቱ መንገድ ላይ ቆሟል። ዩሱፍ ክምሩ ውስጥ ገባ፤ ይወረውራል፣ ይራገማል። ሹፌሩ ሊወጣ ነው።

ጋሽ በቀለ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከክምሩ አንዱን አነሳ፤ ጣቱን ቀለበቱ ውስጥ አስገባ፤ አሽከረከረው፤ ጆሮው ሥር አደረገው። አይደለም። ሌላ። ትልቅ ነው። ሌላ፤ ይኼ ልኩ ነው፣ ግን አልቋል፣ ስማው ይንኳኳል። ሌላ። አሽከረከረው። ድምፅ የለም፤ እንደ ዘይት።

“ይኼን ውሰድ። በዚህ ደንገጎን ስትወጣ በርበሬም ብትጭን አይነጥስብህም።”

ሹፌሩ ይዞ ሄደ። ጋሽ በቀለ እጁን በሱሪው ጠረገ።

“ስማ ዩሱፍ። ኪስ አይሆንህም፣ ይቀደዳል። የእንጨት ሳጥን አሠራ። በየሳጥኑ ፊት አንድ አንድ ብልት በሽቦ እሰር። የተበላሸውን ሁሉ ዛሬውኑ አስወጣልኝ።”

“አስወጣልኝ” አለ! ሰማህ? ዩሱፍም ሰማ። ተቃቀፉ፤ ግራሶ ለግራሶ። እኔ ወደ ቢሮ ተመለስኩ። የጻፍኩትን ደረሰኝ ሁሉ አለቃዬ መልሶ አጻፈኝ። ግድ የለኝም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 11

ተቆርጧል። ነገ ይጀምራል። ዓርብ ሱቁ ዝግ ነው፤ ዓርብ ማታ ማታ የኛ ነው፤ ቀጥሎ አውቶቡስ እንሠራለን ብሏል። አስካለ ሸሚዙን ሁለቴ ተኮሰች።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 12። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል

ሄደ። ላድርስህ ብለው እጄን አወረደው። በሩ ላይ ቆሞ ጋሪ በጆሮው ለየ፤ ጠራ፤ በኦሮምኛ ተከራከረ፤ ወጣ። ባለጋሪው ዓይኑን አይቶ ሊደግፈው ሲል፣ “አንተ ፈረስህን ያዝ!” አለው። አስካለ እልል አለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ምን መጣ ብሎ ወጣ።

በምሳ ሰዓት ብቅ ብዬ ላየው፣ ሳይሰማኝ ከደጅ ቆሜ ልመለስ ብዬ አስቤ ነበር። ኮቴን ሁሉ አዘጋጅቼ።

አልሄድም። ሰውየው ሥራ ላይ ነው።