ሦስት ጊዜ ካልተለመነች የማትበላዋ እንግዳ

ስሪናገር፣ ራይናዋሪ
ጥር 22

የዓይኔ ብርሃን ልጄ ሸውከት፣

አሰላሙ አለይኩም። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ግን ከበረዶው ጋር አልታረቀም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ስጀምር ስልኩ ሁልጊዜ ለምን እንደሚቆረጥ አላህ ነው የሚያውቀው። ደብዳቤ አይቆረጥምና ቁጭ ብለህ አንብበው። እዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ የሚጽፈው በኡርዱ ነው፤ እኔ ግን ልጄን የምጠረጥረው በራሴ ቋንቋ በካሽሚሪ ነው።

ያቺ የላክሃት እንግዳ፣ ፔልደን፣ ትናንት ሄደች። «እዚህ ፓሮ ትምህርት ቤት አብራኝ የምታስተምር ያገሩ ልጅ ናት፤ የእነሱን ቋንቋ ዞንግካን ከእኛ ካሽሚሪ ጋር እያነጻጸረች ታጠናለች፤ እማ፣ ሁለት ሳምንት አስቀምጫት» ብለኸኝ አልነበር? አስቀመጥኳት። ጎረቤታችን ፋዚ ገና ከበር ስታያት «እሰይ፣ መልከ መልካም ጥናት ነው የላከልሽ» አለችኝ። የፋዚን ምላስ ታውቀዋለህ።

እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሌላ ነገር ነበር። ጎመንና ሩዝ ባቀርብላት አፏን በሁለት እጇ ሸፍና ወደ ኋላ አለች። ጠግቤያለሁ ብትል ኖሮ የእኛን ቤት ታውቃለህ፣ ሳህኗ ላይ እከምርባት ነበር። አፍ መሸፈን ግን ምን ማለት ነው? ምግቤ የሸተታት መሰለኝና ሳህኑን አነሳሁት። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ማጀት ብገባ ደረቅ ዳቦ ውሃ ውስጥ እየነከረች ስትበላ ያዝኳት።

«አንቺ ልጅ፣ የኔ ምግብ ምን ሆነና ነው?»

«እማማ፣ እኔ እኮ እስኪደግሙልኝ ነው የምጠብቀው» አለች በሂንዲ፣ እስከ ጆሮዋ ቀልታ። «እኛ አገር በመጀመሪያው ጥሪ እጁን የሚዘረጋ ስግብግብ ነው። ሁለት ሦስቴ መለመን አለብን።»

«ታዲያ ይሉኝታ ይዞሽ ቤቴ ውስጥ በረሃብ ልትሞቺብኝ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ እለምናታለሁ፤ በሦስተኛው እንደ ገበሬ ትበላለች።

ጥናቱ ደግሞ እንዲህ ነበር። ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ ትጠይቀኛለች፣ እመልሳለሁ፣ የራሷን ትነግረኛለች። ውሃን እኛ ኣብ፣ እነሱ ቹ፤ እሳትን እኛ ናር፣ እነሱ ሜ። ዝምድና ብፈልግ አጣሁ። ሻይ ላይ ብቻ የኛ «ቻይ» እና የነሱ «ጃ» ትንሽ ተጠጋጉ፤ እሱንም ሁለታችንም በጨው ነው የምንጠጣው። ታላቅ ሲያናግሩ እኛ «ሃዝ» እንደምንለው እነሱ ንግግራቸው መጨረሻ ላይ «ላ» ይጨምራሉ አለችኝ። ይኼኔ ነቃሁ። አንተ ከዓመት ወዲህ በስልክ «እሺ ላ፣ እማ» ትለኝ የለም? ከተማሪዎችህ ለምደኸው ይሆናል ብዬ ነበር። ግን ሰው ከተማሪ የሚለምደው ስድብ እንጂ አክብሮት አይደለም።

ከዚያ ጥያቄዎቿ ተለወጡ። «ሕፃን ሲያስነጥሰው ምን ትሉታላችሁ? ጥርስ ሲያበቅልስ? ለማስተኛት ምን ትዘፍኑለታላችሁ?» እሹሩሩዬን በስልኳ ቀዳችና ደጋግማ ሰማችው። ይሄ ምን ዓይነት ጥናት ነው፣ ሸውከት? ፍም የሞላውን የካንግሪ ማሰሮ ደግሞ ማንም ሳያሳያት ከላይ በደረበችው ሰፊ ፌረን ውስጥ ሸጉጣ እጇን ታሞቃለች። ይህንንስ ማን አስተማራት?

ባለፈው ዓርብ ደጃፍ ላይ በረዶ አንሸራትቶኝ በጉልበቴ ወደቅሁ። በባዶ እግሯ ሮጣ መጣችና አቅፋ ስታነሳኝ «ባላይ ላጋይ» አለችኝ። መከራሽ ለኔ ይሁን። ይህን እኔ አልነገርኳትም፤ ጥናቷም ውስጥ አልነበረም። ልክ እኔ አንተን እንደምልህ መጨረሻውን ጎትታ ነው ያለችው።

ልቤ ሲመለስ ጠየቅኋት። «ይህን በእናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ?»

«እንደሱ ያለ አላገኘሁም፣ እማማ። እኛ ቤት በእናንተው ነው የምንለው።»

«እናንተ ቤት ማን አለ?»

አፏን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ልማዱን ተምሬ የለ? ሻይ ቀዳሁላትና ደገምኩት። «እናንተ ቤት ማን አለ፣ ልጄ?» አንገቷን ደፋች። ሦስተኛውን ልጠይቃት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት። መልሱ ካንተ እንጂ ከሷ መምጣት የለበትም።

ልጄ፣ ተናድጃለሁ፤ ተናድጄም አልጨረስኩም። እምነቷ ሌላ ነው፣ ሰው ምን ይላል ብለህ ፈርተህ ይሆናል። መፍራትህስ ልክ ነበር፤ ከወር በፊት ብትነግረኝ በሩን እዘጋባችሁ ነበር። ከሁሉ የቆረቆረኝ ግን እናትህን በእንግዳ ማስመርመርህ ነው። ሰላይ ልከህብኛል! ታዲያ ሰላይህ ምን ብላ ነገረችህ? ስትሰናበተኝ እንዳለቀስኩ ነግራህ ከሆነ ጭሱ ነው በላት።

ሳታየኝ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ትንሽ ፌረን ከትቻለሁ። ከሟቹ አባትህ ፌረን ቆርጬ የሰፋሁት ነው። ልኩን የገመትኩት ከጥያቄዎቿ ነው፤ ስለ ጥርስ ጠየቀችኝ እንጂ ስለ መራመድ አልጠየቀችኝም። ከጠበበ ንገረኝ። የሚለብሰው ከሌለ ግን መልሰህ ላክልኝ።

በስልክ ሁለት ጊዜ ጠይቄህ ሁለቴም ተቆርጧል። ያገሯን ልማድ አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ይኸው ሦስተኛው፦ ቤትህ ማን አለ?

አላህ ይጠብቅህ። «ይጠብቃችሁ» ልል ነበር፤ ስንት እንደሆናችሁ ግን አልነገርከኝም።

ባላይ ላጋይ።

እናትህ ዙና